ድህነትን የመለካት ጥናት፤ የካርቱምና የሱዳን ምሳሌ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ የሕዝብን ኑሮ የሚመረምር አገር አቀፍ ጥናት እንዴት እንደሚካሄድ ያስረዳሉ፤ በምንባቡ የሚገኙትን አዳዲስ ቃላት በትክክል ይጠቀማሉ፤ ከቁጥር በስተኋላ ያለውን የሰው ኑሮ በራሳቸው አባባል ይገልጻሉ።

ሀ. መንደርደሪያ ጥያቄዎች (በቃል የሚመለሱ)

1. በምትኖሩበት ቀበሌ «ድሃ» የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሁላችሁም በአንድ መልስ ትስማማላችሁን?
2. አንድ መንግሥት ችግረኞችን ለመርዳት ሲነሣ በቅድሚያ ምን ምን ማወቅ ይገባዋል?

ማሳሰቢያ፦ በምንባቡ ውስጥ ስለ ሱዳን የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ ስለ ኢትዮጵያ የተጠቀሱት ግን በአገራችን አቆጣጠር (ዓ.ም.) ናቸው።

ለ. ምንባብ

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

1. ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ

ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ የኢትዮጵያን ደጋ እየሰነጠቀ የሚወርደው ጥቁር አባይ ከደቡብ ከሚመጣው ነጭ አባይ ጋር የሚገናኘው በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። ወንዞቹ ከተማዪቱን በሦስት ከፍለዋታል። በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ ከነጭ አባይ በስተምዕራብ ኦምዱርማን፣ ከጥቁር አባይ በስተሰሜን ደግሞ ባሕሪ ወይም ሰሜን ካርቱም የሚባለው ክፍል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በካርቱም ግዛት የተቆጠረው ሕዝብ 5,274,321 ነበር።

ይህ ሁሉ ሕዝብ በዚያው ተወልዶ ያደገ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነትና በ1984 ኮርዶፋንንና ዳርፉርን የመታው ድርቅ እጅግ ብዙ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅለው ወደ ዋና ከተማው አምጥተዋቸዋል። በጦርነትና በረሃብ ምክንያት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎችም በካርቱም ሰፍረዋል። አብዛኛው ተፈናቃይ የተጠለለው በከተማው ዳርቻ እንደ ማዮ፣ እንደ ሃጅ ዩሱፍና እንደ ኡምባዳ ባሉት ሰፈሮች ነበር። በእነዚህ ሰፈሮች ብዙው ቤት ከጭቃ የተሠራ ነበር፤ ውሃውም በአህያ ጋሪ በርሜል ተጭኖ ይሸጥ ነበር። በመሆኑም ቧንቧ የሌለው ድሃ ለአንድ ባልዲ ውሃ የሚከፍለው ዋጋ ቧንቧ በቤቱ ካለው ሰው ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን በእጁ ያለው ገንዘብ ጥቂት፣ የችግረኛው ቁጥር ግን ብዙ ቢሆንበት ከየት መጀመር ይገባዋል? ከቢሮው መስኮት ከሚታየው ለማኝ? ወይስ መንገድ ከማይደርስበት ከምዕራቡ ገጠር? አባቶቻችን «ለጠገበ የራበው ያለ አይመስለውም» ይላሉ። ዓይን የሚያየው በአቅራቢያው ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ሩቅ ያለውን ችግር ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል።

2. ቆጠራና የናሙና ጥናት

የአንድን አገር ሕዝብ ሁኔታ ለማወቅ የሚረዱ ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ነው። በቆጠራ ጊዜ በአገሪቱ የሚኖረው እያንዳንዱ ሰው እንዲመዘገብ ይፈለጋል። ሱዳን የመጀመሪያውን ቆጠራ ያካሄደችው ነፃነቷን በተቀዳጀችበት ወቅት እ.ኤ.አ. በ1955/56 ሲሆን፣ የተገኘውም ሕዝብ ከ10.2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1973፣ በ1983፣ በ1993 እና በ2008 ቆጠራዎች ተካሂደዋል። ይሁን እንጂ ቆጠራ ብዙ ገንዘብና ብዙ የሰው ኃይል ስለሚጠይቅ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ጥቂት መሆን አለበት። ስንት ሰው እንዳለ ይነግረናል እንጂ ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ አይነግረንም።

ሁለተኛው መንገድ የናሙና ጥናት ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው መብቃቱን ለማወቅ ድስቱን ሁሉ አትጨርስም፤ በደንብ ካማሰለች በኋላ ጥቂት ቀምሳ ታውቃለች። ሳታማስል ከላይ ከላይ ብትቀምስ ግን ትሳሳታለች። የናሙና ጥናትም እንዲሁ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ቤተሰቦች ጥቂት ሺዎች ተመርጠው ይጠየቃሉ። ሆኖም አመራረጡ በዕጣ እንጂ በጠያቂው ፈቃድ መሆን የለበትም። ጠያቂው ለመኪና የሚቀርበውን ቤት ወይም በፈገግታ የሚቀበለውን ቤተሰብ ብቻ ቢመርጥ፣ ወጡን ሳያማስል እንደቀመሰ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የሱዳን ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ አገር አቀፍ የቤተሰብ ኑሮ ጥናት አካሄደ። ጥናቱ በዚያን ጊዜ በሰሜኑ ክፍል የነበሩትን 15 ግዛቶች የሸፈነ ነበር። ከእያንዳንዱ ግዛት 528 ቤተሰቦች፣ በጠቅላላው 7,920 ቤተሰቦች ተመረጡ። የካርቱም ግዛት ሕዝብ ከብዙዎቹ ግዛቶች ሕዝብ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ የናሙናው ብዛት እኩል የሆነው ለምንድን ነው? እያንዳንዱ ግዛት ስለ ራሱ እንዲናገር ስለተፈለገ ነው። ናሙናው በሕዝብ ብዛት ልክ ቢከፋፈል ኖሮ ሕዝባቸው ጥቂት የሆነ ግዛቶች ድርሻ እጅግ ያንስና የሚገኘው ውጤት አያስተማምንም ነበር። በኋላም የአገሪቱ ጠቅላላ ውጤት ሲሰላ ለእያንዳንዱ ግዛት እንደ ሕዝቡ ብዛት ክብደት ይሰጠዋል።

ይህ ጥናት የተካሄደው ከረጅም ዝምታ በኋላ ነበር። በሱዳን የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1967/68 እና ከ1978 እስከ 1980 ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ 2009 ድረስ ወደ 30 ዓመት ያህል የአገሪቱን ድህነት ለመለካት የሚያስችል አዲስ አገር አቀፍ ጥናት ሳይገኝ ቀረ። የ1984ቱ ድርቅም ሆነ ሁለት ዐሥርት ዓመታት የቆየው የደቡቡ ጦርነት የደረሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ በተቸገረበት ዘመን የችግሩ ልክ ሳይታወቅ አለፈ ማለት ነው።

3. ምን ይጠየቃል?

መረጃ ሰብሳቢው መጠይቁን ይዞ ወደ ተመረጠው ቤት ይሄዳል። በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ዕድሜያቸውን፣ ትምህርታቸውንና ሥራቸውን ይጠይቃል። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ሌሊት በምን መብራት እንደሚጠቀሙ፣ የታመመ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ይመዘግባል። ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ግን ስለ ፍጆታ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። ቤተሰቡ ምን ያህል ማሽላ፣ ስንዴ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ፉልና ሻይ እንደተጠቀመ፣ ለልብስ፣ ለኪራይና ለሕክምና ምን ያህል እንዳወጣ አንድ በአንድ ይጻፋል።

«ገቢህ ስንት ነው?» ብሎ በአጭሩ መጠየቅ ለምን አይበቃም? ምክንያቱ ብዙ ነው። የገበሬ ገቢ በመኸር ወቅት ከፍ ይላል፤ በክረምት ይነጥፋል። የቀን ሠራተኛ ዛሬ ያገኛል፤ ነገ ያጣል። ነጋዴ ግብር እንዳይጨመርበት ገቢውን አሳንሶ ይናገር ይሆናል። ከጎተራው አውጥቶ የሚበላው እህል ደግሞ ለገበሬው ገቢ ሆኖ አይታየውም። ምግብ ግን በየዕለቱ የሚበላ በመሆኑ የቤተሰቡን እውነተኛ ኑሮ ከገቢ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ያሳያል። ከራስ እርሻ የተገኘው እህልም በገበያ ዋጋ ተተምኖ ከፍጆታ ጋር ይደመራል።

4. የድህነት መስመር

ፍጆታው ከተመዘገበ በኋላ «ድሃ የሚባለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ባለሙያዎች የድህነት መስመር ያወጣሉ። በመጀመሪያ አንድ ሰው በሕይወት ለመኖርና ለመሥራት በቀን ምን ያህል የምግብ ኃይል እንደሚያስፈልገው ይወሰናል። ይህም በካሎሪ ይለካል። ቀጥሎ የአገሩ ድሃ ሕዝብ በተለምዶ ከሚበላቸው ምግቦች ይህን ኃይል የሚሰጥ አንድ ቅርጫት ይዘጋጅና ዋጋው ይሰላል። በመጨረሻም ለልብስ፣ ለመጠለያና ለመሳሰለው የሚያስፈልገው ወጪ ይጨመርበታል። በዚህ ዓይነት የተገኘው ድምር የድህነት መስመር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በሱዳን የወጣው መስመር ለአንድ ሰው በወር ወደ 114 የሱዳን ፓውንድ ነበር። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በኦምዱርማን ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ቤተሰብ ስድስት ነፍስ ሲሆን በወር 600 ፓውንድ ይጠቀማል፤ ለአንድ ሰው 100 ፓውንድ ይደርሰዋል። ሁለተኛው አራት ነፍስ ሲሆን በወር 480 ፓውንድ ይጠቀማል፤ ለአንድ ሰው 120 ፓውንድ ይደርሰዋል። በጠቅላላ ወጪው የሚበልጠው የመጀመሪያው ቤተሰብ ከመስመሩ በታች፣ የሚያንሰው ሁለተኛው ግን ከመስመሩ በላይ ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የቤተሰብ ወጪ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ለስንት አፍ እንደሚከፋፈል ማወቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ቀጭን ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ቤተሰብ በስድስት ፓውንድ ብልጫ ሀብታም አልሆነም፤ አንድ ልጅ ቢታመምበት ወይም የማሽላ ዋጋ ቢወደድበት በማግሥቱ ከመስመሩ በታች ይወድቃል።

5. አንዱ ቁጥር ሲከፋፈል

የ2009ኙ ጥናት ውጤት እንዳመለከተው ከሱዳን ሕዝብ 46.5 በመቶው ከድህነት መስመር በታች ይኖር ነበር። ይህ ቁጥር በራሱ ከባድ ነው። ነገር ግን በዚህ ቁጥር ብቻ ምንም ዓይነት ሥራ መሥራት አይቻልም። ቁጥሩ መከፋፈል አለበት። በከተማና በገጠር ሲከፋፈል የከተማው ድህነት 26.5 በመቶ፣ የገጠሩ 57.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በግዛት ሲከፋፈል ደግሞ በካርቱም 26.0፣ በገዚራ 37.8፣ በቀይ ባሕር 57.7፣ በሰሜን ዳርፉር 69.4 በመቶ ሆነ። ከሁሉ ያነሰው ካርቱም፣ ከሁሉ የበለጠው ሰሜን ዳርፉር ነው። አማካይ ቁጥር እነዚህን ሁሉ በአንድነት ደርቦ ይሸፍናል፤ ወንዝ በአማካይ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው ተብሎ የተነገረው ሰው መካከሉ ላይ ሊሰጥም እንደሚችል ሁሉ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያየ ሰው «በካርቱም ያለው ድህነት ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ ወደ ዳርፉር ይሂድ» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመቶ የሚነገር ቁጥርና የሰው ብዛት አንድ አይደሉም። በ2008ቱ ቆጠራ የካርቱም ግዛት ሕዝብ 5,274,321፣ የሰሜን ዳርፉር ደግሞ 2,113,626 ነበር። ከካርቱም ሕዝብ 26.0 በመቶው ወደ 1.37 ሚሊዮን፣ ከሰሜን ዳርፉር ሕዝብ 69.4 በመቶው ወደ 1.47 ሚሊዮን ይሆናል። በመቶኛ ሲታይ የመጨረሻና የመጀመሪያ የሆኑት ሁለቱ ግዛቶች የያዙት የድሃ ብዛት ተቀራራቢ ሆነ!

ስለሆነም ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ጥያቄው «ድህነት የጠነከረው የት ነው?» ከሆነ መልሱ ሰሜን ዳርፉር ነው። ጥያቄው «ድሆች የሚኖሩት የት ነው?» ከሆነ ካርቱምም መዘንጋት የለበትም። መፍትሔውም ይለያያል። ከ10 ሰዎች ሰባቱ ያህል ድሃ በሆኑበት አገር ለሁሉ የሚሆን መንገድ፣ የውሃ ጉድጓድና ትምህርት ቤት መሥራት ይጠቅማል። ከአራት ሰዎች አንዱ ያህል ድሃ በሆነበት ከተማ ግን ድሃውን ከሌላው ለይቶ ማግኘት ግድ ይሆናል፤ አለዚያ እርዳታው ለማያስፈልገው ሰው ይደርሳል።

6. ያልተቆጠሩት

የትኛውም ጥናት ከመዝገቡ ውጭ የሚቀሩ ሰዎች አሉት። የናሙና ጥናት የሚጀምረው ከቤቶች ዝርዝር ስለሆነ ቤት የሌለው ሰው በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። በጎዳና የሚያድር ልጅ፣ መጠለያው የፈረሰበት ተፈናቃይ፣ በአንድ የኪራይ ክፍል ከብዙ ሰዎች ጋር ተጨናንቆ የሚኖር ስደተኛ በቀላሉ ይዘለላል። በካርቱም አውራ ጎዳናዎች ዳር በከሰል ምድጃ ሻይና ቡና አፍልተው ይሸጡ ከነበሩት ሴቶች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት አንዲት ሻይ ሻጭ ቅጽ የያዘ እንግዳ ሰው በሯን ቢያንኳኳ በድፍረት ትመልስለታለችን? ወይስ ከአገር እባረራለሁ ብላ ትሸሸጋለች? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እውነት ቢሆንም፣ ሰው በሽታውን የሚገልጸው ለሚያምነው ሐኪም ብቻ ነው። ስለዚህ የተሰጠው መልስ በምስጢር እንደሚጠበቅና በመላሹ ላይ መቀጣጫ እንደማይሆን ማረጋገጥ የጥናት ሁሉ መሠረት ነው።

ቁጥር የክርክር ምክንያትም ይሆናል። በ2008ቱ ቆጠራ በሰሜን ሱዳን ይኖራሉ ተብለው የተመዘገቡት የደቡብ ተወላጆች ወደ 520,000 ነበሩ። የደቡቡ መሪዎች ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ነው በማለት ውጤቱን አልተቀበሉም። ክርክሩ ስለ ሒሳብ ብቻ አልነበረም። የምክር ቤት ወንበርና የመንግሥት ገንዘብ የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት በመሆኑ፣ ያልተቆጠረ ሰው ድርሻ የለውም። መቆጠር መብት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

7. ከጥናት ወደ ተግባር

የጥናት ዋጋ የሚለካው በመደርደሪያ ላይ በመቀመጡ ሳይሆን በሥራ ላይ በመዋሉ ነው። የ2009ኙ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ሱዳን ላወጣችው ጊዜያዊ የድህነት ቅነሳ ሰነድ መሠረት ሆኗል። ይሁንና ዕውቀትን ወደ ተግባር መለወጥ ቀላል እንዳልሆነ የዳቦ ድጎማ ታሪክ ያስረዳል። መንግሥት ለረጅም ጊዜ ስንዴንና ነዳጅን ይደጉም ነበር። የስንዴ ዳቦ በብዛት የሚበላው በከተማ ነው፤ የገጠሩ ሕዝብ ዋና ምግብ ግን ማሽላ ነው። በጥናት ሲታይ ድጎማው ይበልጥ የሚጠቅመው ከሁሉ የተቸገረውን ገጠሬ አልነበረም። ነገር ግን የከተማው ድሃም የሚኖረው በዚያው ዳቦ ነበር። በዲሴምበር 2018 በአትባራ ከተማ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ፓውንድ ወደ 3 ፓውንድ ባሻቀበ ጊዜ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ተቃውሞውም ወደ መላ አገሪቱ ተዛምቶ በሚቀጥለው ዓመት በአፕሪል ወር መንግሥቱ ወደቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አንድን ድጎማ ከማንሣት በፊት የሚጎዳውን ሰው ለይቶ ማወቅና መተኪያ ማዘጋጀት እንደሚገባ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሽግግር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ሰመራት የተባለ የቤተሰብ ድጋፍ ፕሮግራም ጀመረ። ለአንድ ሰው በወር 5 የአሜሪካ ዶላር የሚመዘን ገንዘብ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ምክንያት ፕሮግራሙ ተቋረጠ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ደግሞ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ሚሊዮኖች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ዳግመኛ ስደተኞች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2014/15 በተደረገው ሌላ ጥናት ድህነት 36.1 በመቶ ነው ተብሎ ነበር። ዛሬ ግን ይህን ቁጥር ይዞ «የሱዳን ድህነት ይህን ያህል ነው» ማለት አይቻልም። ጥናት እንደ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቀን ብቻ ያሳያል፤ ኑሮው ሲለወጥ ጥናቱም መታደስ አለበት።

8. የአገራችን ተሞክሮ

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት በተከታታይ መካሄድ የጀመረው በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የድህነት መስመሩ የተመሠረተው ለአንድ ጎልማሳ በቀን 2,200 ካሎሪ በሚሰጥ ምግብ ላይ ሲሆን፣ ከሌሎች ወጪዎች ጋር በዓመት 1,075 ብር ነበር። ከመስመሩ በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5፣ በ1992 ዓ.ም. 44.2፣ በ1997 ዓ.ም. 38.7፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ በመጨረሻው ጥናት የገጠሩ 25.6፣ የከተማው 14.8 በመቶ ነበር። ጥናቱ በየጊዜው በመደጋገሙ ኑሮ ወዴት እንዳመራ መጠየቅ ተችሏል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራምም ለብዙ ዓመታት የምግብ እርዳታ ሲቀበሉ የነበሩትን ወረዳዎች ለይቶ ተነሥቷል። በየቀበሌው የሚረዱትን ቤተሰቦች በመምረጥ ረገድ ደግሞ ነዋሪው ራሱ እንዲሳተፍ ተደርጓል፤ ወረዳን በቁጥር መለየት ቢቻልም የጎረቤትን ጎዶሎ የሚያውቀው ጎረቤት ነውና።

በአጠቃላይ የድህነት ጥናት የሰውን ችግር ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሥራ ነው። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ደግሞ ቁጥሩን መልሶ ወደ ሰው መለወጥ አለበት። ይህን ለማድረግ አራት ጥያቄዎች ይረዱታል፦ ምን ተለካ? መቼ ተለካ? ማን ተካተተ? ማን ቀረ? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቅ ቁጥርን የሚቀበልም ሆነ የሚንቅ ሰው ሁለቱም በእኩል ይሳሳታሉ።

ሐ. የቃላት ፍች

ናሙና፦ ከብዙ ነገር መካከል ጠቅላላውን እንዲወክል የተመረጠ ጥቂት ክፍል።
መጠይቅ፦ ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የተጻፉበት ቅጽ።
ፍጆታ፦ አንድ ቤተሰብ በተወሰነ ጊዜ የሚጠቀመው ምግብና ሌላ ቁሳቁስ።
ተፈናቃይ፦ በአደጋ ወይም በጦርነት ምክንያት ቀየውን የለቀቀ ሰው።
ድጎማ፦ የአንድ ዕቃ ዋጋ እንዳይወደድ መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ።
አማካይ፦ ድምሩን ለብዛቱ በማካፈል የሚገኝ ቁጥር።
ነጠፈ፦ ደረቀ፤ መስጠት አቆመ።

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. በካርቱም ዳርቻ ይኖር የነበረው ድሃ ለውሃ የሚከፍለው ዋጋ ከሌላው ሰው የሚበልጠው ለምን ነበር?
2. የወጥ ምሳሌ የቀረበው ምን ለማስረዳት ነው? «ማማሰል» በጥናት ውስጥ ከምን ጋር ይነጻጸራል?
3. ከእያንዳንዱ ግዛት እኩል ቁጥር ያላቸው ቤተሰቦች የተመረጡበትን ምክንያት አስረዱ።
4. ከገቢ ይልቅ ፍጆታን መጠየቅ የሚሻልበትን ምክንያት ከምንባቡ ሦስት ነጥቦችን በመጥቀስ ግለጹ።
5. አንድ ቤተሰብ አምስት ነፍስ ሲሆን በወር 560 ፓውንድ ይጠቀማል። በ2009ኙ የሱዳን መስመር ሲለካ ይህ ቤተሰብ ከመስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች? አንድ ሕፃን ቢወለድለትስ?
6. ካርቱምና ሰሜን ዳርፉር በመቶኛ ተራርቀው ሳለ በድሃ ብዛት የተቀራረቡት እንዴት ነው?

ሠ. ሰዋስው፦ «-ነት» የተባለው ባዕድ መድረሻ

ከስም ወይም ከቅጽል መጨረሻ «-ነት» ሲጨመር በዓይን የማይታይ፣ በሐሳብ ብቻ የሚታወቅ ረቂቅ ስም ይመሠረታል። ምሳሌ፦ ድሃ - ድህነት፤ ስደተኛ - ስደተኝነት። «ድሃ» የሚታይ ሰው ነው፤ «ድህነት» ግን ሁኔታው ነው። «ስደተኛ» በሚለው ቃል ላይ መድረሻው ሲጨመር «ኛ» ወደ «ኝ» መለወጡን ልብ በሉ።

ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ቃላት ረቂቅ ስም መሥርቱ፤ እያንዳንዱንም በዓረፍተ ነገር አስገቡ።

ኃላፊ፣ ጎረቤት፣ እውነተኛ፣ ሠራተኛ፣ ባለቤት፣ ችግረኛ

ረ. ክርክርና ድርሰት

1. ክፍሉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይከራከር። አንድ መንግሥት ለአንድ ግዛት ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረው፣ አንዱ ወገን ድህነት ለጠነከረበት ግዛት፣ ሌላው ወገን ብዙ ሕዝብ ላለበት ከተማ ይሟገት። ሁለቱም ወገኖች ከምንባቡ ቁጥር ይጥቀሱ።

2. በምትኖሩበት ቀበሌ የኑሮ ጥናት ቢካሄድ ከመዝገብ ውጭ ሊቀር የሚችለው ማን እንደሆነ፣ የሚቀርበትንም ምክንያትና እንዴት ሊካተት እንደሚችል በአንድ ገጽ ተኩል ጻፉ። የማንንም ሰው ስም አትጥቀሱ።